ድምጥማጥ የሌለው አረም፦ ስለ ማጥፋት ቃላት ለቀረበ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው፦ «በጣና ዳር ካሉት የጎጃም ወረዳዎች በአንዱ የግብርና ባለሙያ ነኝ። ለእምቦጭ ነቀላ ዘመቻ "እምቦጭን ድምጥማጡን እናጥፋ" የሚል መፈክር ጻፍኩ። ኃላፊዬ "እንደምስስ ብትለው ይጠነክራል" አሉኝ። ባልደረባዬ ደግሞ "ማስወገድ" በል አለኝ። ረቂቁን በቀበሌ ስብሰባ ሳነበው አንድ አዛውንት ተነሥተው "ልጄ፣ እምቦጭ ዘር እንጂ ድምጥማጥ የለውም" ብለው ተቀመጡ። ሰው ሁሉ ራሱን ነቀነቀ፤ እኔ ግን ምን ማለታቸው እንደሆነ እስከ ዛሬ አልገባኝም። እነዚህ ቃላት ልዩነታቸው ምንድን ነው? ለመፈክሬስ የትኛው ይሻላል?»

ምላሽ፦

አዛውንቱ እውነት ብለዋል። ነገራቸው እንዲገባዎት «ማጥፋት» የሚለውን ግስ ለጊዜው ይተዉትና ከጎኑ የሚቆመውን ቃል ይመልከቱ። አማርኛ አንድ ነገር ፈጽሞ መጥፋቱን ሲናገር ግሱን ብቻውን አምኖ አይተወውም። ነገሩ ከሄደ በኋላ ሊቀር የሚችለውን ምልክት ወይም ፍርፋሪ በስሙ ይጠራና «እሱም አልቀረም» ይላል። ጤፉን በረዶ የመታበት ገበሬ «ጠፋብኝ» ብሎ አያበቃም፤ «ለዘር እንኳ አልተረፈኝም» ይላል። ከገበያ የታጣ ዕቃ «ለመድኃኒት ቢፈለግ አይገኝም» ይባላል። ወራሽ ሳይተካ ያለቀ ሰው «ስም አጠራሩ ጠፋ» ይባላል። ለዘር የምትሆን እፍኝ፣ ለመድኃኒት የምትበቃ ቁንጣሪ፣ ሰው የሚጠራው ስም፤ ሦስቱም የመጨረሻ ቅሪቶች ናቸው። ስለዚህ የትኛውን ቃል ልጠቀም የሚል ሰው አስቀድሞ «ይህ ነገር ጠፋ ሲባል ወደኋላ የሚቀረው ምንድን ነው?» ብሎ መጠየቅ አለበት። አዛውንቱ ያደረጉት ይህንኑ ነው።

«ጠፋ» ራሱ እጅግ ሰፊ ቃል ነው። መብራት ይጠፋል፣ በግ ይጠፋል፣ መንገድ ይጠፋል፣ ሊናገሩት ያሰቡት ስም ከአፍ ይጠፋል፣ የሰው ሕይወት ይጠፋል። ደብረ ማርቆስ ገበያ ላይ ከዓመት በኋላ ያገኘዎት ወዳጅ «ምነው ጠፉ!» ቢልዎት ከዓይኑ መራቅዎን መናገሩ ነው። የቃሉ እምብርት ከዓይን መሰወር ነውና የተሰወረው ተመልሶ ሊመጣ ይችላል፤ የጠፋ መብራት ይበራል፣ የጠፋ በግ ይገኛል። «አጠፋ» ደግሞ ሌላ ቅርንጫፍ አለው፤ በደለ ማለት ይሆናል። «አጥፍቼ ከሆነ ይቅርታ» የሚል ሰው ያወደመው ነገር የለም። «ጥፋት» ሁለቱን ትርጉም አንድ ላይ ተሸክሞ ይሄዳል። «የጥፋት ውኃ» ስንል የኖኅን ዘመን ውኃ ማለታችን ነው፤ በዚያ ታሪክ ሰው የሠራው በደል ጥፋት ነው፣ የመጣበትም ቅጣት ጥፋት ነው። ይህን ያህል ለስላሳና ተለጣጭ በመሆኑ «ጠፋ» ብቻውን «ፈጽሞ» የሚለውን አይሸከምም። ሌሎቹ ቃላት የሚመጡት ሊያጠነክሩት ነው።

ከእነዚህ መካከል «ዱካ»፣ «ደብዛ»፣ «ድራሽ» እና «ድምጥማጥ» ሲታዩ የአንድ ቤት ልጆች ይመስላሉ። ጠባያቸው ግን ይለያያል። ዱካ በእጅ የሚነካ ነገር ነው፤ ጭቃ ላይ ያርፋል፣ አዳኝ ይከተለዋል፣ ይገኛል። ደብዛ የሰው ወይም የከብት ወሬና ምልክት ነው፤ «ደብዛው ጠፋ» የሚባለው ወጥቶ ላልተመለሰ ነው። ሰውየው ይሙት ይኑር አልታወቀም፤ ስለዚህ እናት «የልጄ ደብዛው ጠፋ» ስትል ጎረቤት ዱላውን ይዞ ፍለጋ ይወጣል። «ድራሹ ጠፋ» ከተባለ ፍለጋ የለም፤ ነገሩ አልቋል። ድራሽና ድምጥማጥ የሚኖሩት ለመጥፋት ብቻ ነው። «ድራሹ ተገኘ» ወይም «ድምጥማጡ ይኸውና» የሚል ሰው ሰምቼ አላውቅም። ሁልጊዜም ባለቤት ይፈልጋሉ፤ ድምጥማጡ፣ ድምጥማጧ፣ ድምጥማጣቸው ይባላል እንጂ ብቻቸውን አይቆሙም። ከሁለቱ ድራሽ ወደ እርግማን ይቀርባል፤ «ድራሽህ ይጥፋ» የሚለውን በአገራችን ያልሰማ የለም። ድምጥማጥ ለመቅሰፍትና ለጦር ይስማማል። በረዶ የአዝመራን ድምጥማጥ ያጠፋል፤ ጎርፍ የድልድይን፤ እሳት የመንደርን። እሳት ሲሆን «ዶግ አመድ ሆነ» የሚለውም አለ፤ ዶግም እንደ ድምጥማጥ ከዚያ ሐረግ ውጭ ብቻውን አይንቀሳቀስም። እዚያ የሚቀረው አመድ በግልጽ ተጠርቷል።

እንግዲህ ድምጥማጥ አንድ ነገር ይጠይቃል፤ የሚጠፋው ነገር ከላይ የሚታይና በአንድ ምት ሊጠረግ የሚችል መሆን አለበት። አውድማ ላይ የተከመረ ነዶ ድምጥማጡ ይጠፋል። እምቦጭ እንዲህ አይደለም። እርስዎ ከእኔ በተሻለ ያውቁታል፤ በጣና ላይ መኖሩ ከታወቀበት ከ2004 ዓ.ም. አካባቢ ጀምሮ ስንት ጊዜ በእጅም በማሽንም ተነቅሎ ስንት ጊዜ ተመልሷል? ሲመቸው በሁለት ሳምንት ገደማ ዕጥፍ ይሆናል። ከእናቲቱ ጎን በሚዘረጋው ቀጭን ክንድ አዲስ ተክል ያወጣል፤ አንዲት ቁራጭ ከቀረች ትበቃዋለች። ዘሩ ደግሞ ከውኃው በታች ደለል ውስጥ ገብቶ እስከ 20 ዓመት ሳይሞት ሊቆይ ይችላል። ከላይ ያለውን አረንጓዴ ምንጣፍ ጠርገን «ድምጥማጡን አጠፋነው» ብንል ዋናው ነገር ከታች ተኝቷል። «ዘር እንጂ ድምጥማጥ የለውም» ማለት ይህ ነው። አዛውንቱ በስድስት ቃል የተናገሩት የዕፀዋት ሳይንስ ነው።

አሁን ወደ ኃላፊዎ ቃል ልለፍ። «መደምሰስ» ዛሬ የጦር ሜዳ ቃል መስሎ ይሰማል፤ መነሻው ግን የጽሕፈት ቤት ነው። በአማርኛ ጽሕፈትን የሚያጠፉ ሦስት ቃላት አሉ፤ ሦስቱም የሚለያዩት በሚቀረው ነገር ነው። «ሰረዘ» ማለት በላዩ መስመር አሰመረ ማለት ነው፤ ነጠላ ሰረዝና ድርብ ሰረዝ የምንላቸው ምልክቶች የዚሁ ቃል ዘመዶች ናቸው። የተሰረዘ ጽሑፍ ይነበባል፤ ሥልጣኑን ብቻ ነው ያጣው። ለዚህ ነው ዕዳ፣ ቀጠሮ፣ በረራና ውል «ተሰረዘ» የሚባለው። ወረቀቱ አለ፣ ቃሉ አለ፣ ግን አይሠራም።

ሁለተኛው «ፋቀ» ነው። በልጅነቴ ቅኔ ልማር ምሥራቅ ጎጃም ውስጥ ካለ አንድ ደብር ሄጄ ነበር። እዚያ አንድ ቁም ጸሐፊ ነበሩ፤ ብራና ላይ ፊደል ሲስቱ ቀለሙ እስኪደርቅ ይታገሡና በስለት ቀስ አድርገው ይፍቁታል፤ ቦታውን በጣታቸው ያሹና በላዩ ይጽፋሉ። አንድ ቀን የታረመውን ቅጠል ወደ ብርሃን አንሥተው አሳዩኝ። የተፋቀው ፊደል እንደ ጥላ ሆኖ ከአዲሱ ሥር ይታይ ነበር። «ፋቅሁት እንጂ አላጠፋሁትም» አሉኝ። ያ ቅጠል ከዓይኔ አልወጣም፤ ከቃል ጋር ለመኖር የወሰንኩት ያን ዕለት ይመስለኛል። ዛሬ ከስልካችን «ዲሊት» ያደረግነው ፎቶግራፍም ቢሆን በላዩ ሌላ እስኪጻፍበት ድረስ ብዙ ጊዜ የተፋቀ እንጂ የጠፋ አይደለም፤ ባለሙያ መልሶ ሊያወጣው ይችላል።

ሦስተኛው «ደመሰሰ» ነው። የግእዙ መዝሙረ ዳዊት በ50ኛው መዝሙር «ወበከመ ብዝኀ ምሕረትከ ደምስስ ኀጢአትየ» ይላል። ዳዊት የደገመ ልጅ ሁሉ በቃሉ የሚያውቀው ልመና ነው። ኃጢአት እዚያ እንደ ተጻፈ ነገር ነው የታየው፤ ለማኙም መስመር ይሰመርበት ወይም ይፋቅልኝ አላለም። ጥላው እንኳ እንዳይቀር «ደምስስ» አለ። ቃሉ ጉልበቱን ያገኘው ከዚህ ነው። ከዚያ ወደ ጦር ሜዳ ሲሻገር ይህንኑ ትርጉም ይዞ ሄደ። በወታደራዊው መንግሥት ዘመን በሬዲዮ «የጠላት ጦር ተደመሰሰ» ሲባል እያንዳንዱ ወታደር ሞተ ማለት አልነበረም። ጦሩ እንደ ጦር፣ በስሙና በአሰላለፉ፣ ከመዝገብ ተጠረገ ማለት ነበር። የተበተኑት ወታደሮች ደግሞ የራሳቸውን ስም አገኙ፤ «ርዝራዥ» ተባሉ። አያችሁ፣ እዚህም ቅሪቱ ተጠርቷል። ስለዚህ ደመሰሰ የሚሠራው አሰላለፍ፣ ስም ወይም ጽሕፈት ባለው ነገር ላይ ነው። እምቦጭ ሰልፍ የለውም፣ መዝገብም የለውም። ኃላፊዎ ቃሉን የወደዱት ስለሚያስገመግም ነው፤ ማስገምገሙን አልክድም። ዓሣ አጥማጁ ግን እምቦጭ ሲደመሰስ በዓይነ ሕሊናው የሚያየው ነገር የለም።

የማጥፋት አማርኛ ሀብታም የሚሆነው በማዕድ ቤትና በማዕድ ዙሪያ ነው። እዚህ ግሱ ራሱ ወደኋላ ይሄድና «አለ» ወይም «አደረገ» ሥራውን ይይዛል፤ ፊት የምትመጣው አጭር ቃል የእጅን ወይም የአፍን እንቅስቃሴ ትስላለች። ድስቱን በእንጀራ ጠርዝ አዙሮ ወጡን የጨረሰ «ጥርግ» አደረገው። ጠላውን እስከ አተላው ያወረደ «ጭልጥ» አደረገው። ማር ከጽዋው ላይ በጣት የተነሣ እንደሆነ «ሙልጭ» ነው። ውኃ ከእንስራው ታች የመጨረሻዋ ጠብታ ስትወጣ «ሙጥጥ» ይላል፤ «እንጥፍጣፊ» የምንላት ያቺን ጠብታ ነው። ሽንብራን አንድ በአንድ የለቀመ «ልቅም» አደረገ፤ እዚህ ቀስ ማለትና ምንም አለማሳለፍ አለ። «እንክት» ደግሞ ጥርስ ይሰማበታል። ሳህኑን «ልቅም» አድርጎ በላ የተባለ ልጅና «እንክት» አድርጎ በላ የተባለ ልጅ በአንድ ገበታ ቢቀመጡ ማን ቀድሞ እንደሚነሣ ይታወቃል። ከሩቅ ለሚጠፋ ነገር «እልም» አለ፤ ለመብራትና ለእሳት «ድርግም»፤ ለአቧራና ለጉም «ብን»። ከብዙ ዓመት ጀምሮ ከየመንደሩ እነዚህን ቃላት እሰበስባለሁ፤ ወጣቶቻችን «ሙሉ በሙሉ» በሚል አንድ ሐረግ ሁሉንም ሲተኩ ስሰማ ያሳዝነኛል። «ሙሉ በሙሉ በላው» ከሚል አፍ ላይ እጁም ጥርሱም ድስቱም ጠፍተዋል።

ከማዕድ የወጣ ሌላ ከባድ ቃል አለ፤ «ፈጀ» ነው። እሳት እንጨት ይፈጃል፣ ሥራ ጊዜ ይፈጃል፣ በርበሬ አፍ ይፈጃል። የቤት «ፍጆታ» የምንለውና የሰው «ፍጅት» የምንለው ከአንድ ሥር የበቀሉ ናቸው። «አለቀ»ም እንዲሁ ነው፤ ከእሱ «እልቂት» ይወጣል። ለዚህ ነው ወረርሽኝ በአማርኛ የሚበላና የሚጨርስ ሆኖ የሚነገረው። በ1950 ዓ.ም. ክረምት የጀመረው የወባ ወረርሽኝ እስከሚቀጥለው ዓመት ታኅሣሥ ድረስ ወባ ብዙም የማያውቃቸውን ደጋማና ወይና ደጋ አገሮች ሳይቀር አዳርሶ ሦስት ሚሊዮን ያህል ሰው አሳምሞ 150,000 ያህል እንደ ገደለ ተገምቷል። ስለ እንዲህ ያለው ጊዜ ሽማግሌዎች «ወባ ፈጀን»፣ «ወባ ጨረሰን» ይላሉ፤ «ወባ ደመሰሰን» የሚል የለም። በሽታ አይደመስስም። ይበላል።

በሽታን ስለ ማጥፋት ሲሆን ደግሞ ባልደረባዎ ያነሡት «ማስወገድ» ቦታውን ያገኛል። የጤና ባለሙያዎች ሦስት ደረጃ ይለያሉ፤ መቆጣጠር፣ ማስወገድ፣ ማጥፋት። መቆጣጠር ጉዳቱን ልክ ማስያዝ ነው። ማስወገድ ከአንድ አገር ወይም አካባቢ ማራቅ ነው፤ ሌላ ቦታ ስላለ ጥበቃው አይቆምም። ማጥፋት ከዓለም ሁሉ ነው። አማርኛው ለዚህ ልዩነት የተሠራ ይመስላል። «ወገደ» ማለት ገለል አለ ማለት ነውና፤ ሰይጣንን «ወግድ!» የምንለው ገለል በል ብለን ነው እንጂ አጠፋነው ብለን አይደለም። የተወገደ ነገር ከመንገዱ ዳር ቆሟል፤ ይመለሳል። ከዚያ ወረርሽኝ በኋላ የተቋቋመውን መሥሪያ ቤት አባቶቻችን «ወባ ማጥፊያ» ብለው ጠሩት፤ በስሙ ውስጥ የነበረው ተስፋ ትልቅ ነበር። ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ግን «ቁጥጥር» የሚለው ቃል ተተካ። ያ የስም ለውጥ ሽንፈት አልነበረም፤ ቃሉን ከእውነቱ ጋር ማስታረቅ ነበር።

በእውነት የጠፋ በሽታ ግን አለ። ፈንጣጣን ለማጥፋት በአገራችን ዘመቻው በ1963 ዓ.ም. ተጀመረ፤ በተፈጥሮ የያዘው የመጨረሻው ሕመምተኛ በኢትዮጵያ የተገኘው ነሐሴ 1968 ዓ.ም. በደቡብ ምሥራቅ ቆላ ነበር፤ በ1972 ዓ.ም. ከዓለም መጥፋቱ ታወጀ። ሁለተኛው የከብት ደስታ የምንለው ነው። ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. የነበረውን ክፉ ቀን ያመጣው ይህ በሽታ ነው፤ ከአገሪቱ ከብት ከአሥሩ ዘጠኙ እንዳለቀ ይገመታል። በሬ ሲያልቅ እርሻ ቆመ፤ እርሻ ሲቆም ሰው አለቀ። የጎጃም ገበሬ እስከ ዛሬ «ክፉ ቀን» ሲል ድምፁን ዝቅ የሚያደርገው ለዚህ ነው። ያ በሽታ በ2003 ዓ.ም. ከምድር መጥፋቱ በይፋ ተነገረ። ስለ እነዚህ ሁለቱ «ጠፋ» ማለት እንችላለን። እንዲያም ሆኖ የፈንጣጣው ቫይረስ በአሜሪካና በሩሲያ በሁለት ቤተ ሙከራዎች ተዘግቶበት ተቀምጧል። እንግዲህ ፈንጣጣ ጠፋ እንላለን፤ ድራሹ ጠፋ ግን አንልም። ቃላችን ይህን ያህል ትክክለኛ ሊሆን ይችላል።

አገር ሲጠፋ ደግሞ የሚቀረው መሬቱ ነው፤ ለእሱም ስም አለን። በ1881 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ በንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ላይ በተነሡ ጊዜ ሠራዊቱ ጎጃምን ዘረፈ፣ አቃጠለ፤ በዚያው ዓመት መጋቢት ንጉሠ ነገሥቱ መተማ ላይ ወደቁ። ስለዚያ ዓመት «ጎጃም ጠፋ» ሲባል ኮረብታው አልጠፋም፤ አራሹ ነው የጠፋው። አራሽ ያጣ መሬት «ጠፍ» ይሆናል፤ ሰው የለቀቀው ቤት «ወና»፤ መንደሩ «ባድማ»። «ጠፍ» የ«ጠፋ» ልጅ ነው። ከቃላቱ ሁሉ ይህን አብልጬ እወደዋለሁ፤ ጠፍ መሬት ተመልሶ ይታረሳልና።

ስለ መፈክርዎ ከመናገሬ በፊት አንድ ነገር እንዲጠነቀቁ እለምናለሁ። የአዛውንቱን ቃል ሰምተው «ዘሩን እናጥፋ» ብለው እንዳይጽፉ። በእርሻ ቋንቋ ትክክል ነው፤ ዘር ማለት ግን ፍሬም ነው፣ ትውልድም ነው። ኢትዮጵያ በ1949 ዓ.ም. ባወጣችው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ በአንቀጽ 281 ዘር ማጥፋትን በወንጀልነት ደንግጋለች፤ ዛሬም በሕጋችን ከከባዶቹ ወንጀሎች አንዱ ነው። ይህ ሐረግ በሰሌዳ ላይ ሲጻፍ ከሩቅ የሚያነበው ሰው መጀመሪያ አረም አይታየውም። የዚህ ተገላቢጦሽ ደግሞ የባሰ ነው። «መንቀል»፣ «ማጽዳት»፣ «አረም» የሚሉት ቃላት ለማሳ የተፈጠሩ ናቸው፤ በሰው ላይ ሲውሉ ሰምተናል፣ ከዚያ በኋላ የመጣውንም አይተናል። አረም ነው ተብሎ የተጠራ ሰው አስቀድሞ በቃል ተነቅሏል። በሙያዬ ሙሉ አንድም ጊዜ እንዲህ ያለ ዐረፍተ ነገር ሳላርም አሳልፌ አላውቅም፤ እርስዎም አያሳልፉ።

እንግዲህ መፈክሩ። እኔ ብሆን ከቃላቱ ሁሉ «መንቀል»ን እመርጣለሁ፤ እጅ የሚሠራው እሱን ነውና። ነቀለ ሲባል ሥር ይታያል፤ ጎንደሬም ጎጃሜም ሐይቁ ውስጥ እስከ ወገቡ ገብቶ የሚሠራው ሥራ ይኸው ነው። ለሥሩም የራሱ ቅሪት አለው፤ «ሰንኮፍ» ይባላል። እባጭ ሰንኮፉ ካልወጣ እንደማይድን ሁሉ እምቦጭም ክንዱ ውኃው ውስጥ ከቀረ አይለቅም። ስለዚህ «ከነሰንኮፉ እንንቀለው» ቢሉ ገበሬው ወዲያው ያየዋል። ነገር ግን የአዛውንቱ ፍራቻ ዘሩ ነው፤ ዘሩ የሚመጣው ከአበባው በኋላ ነው። ስለዚህ ጊዜውም በመፈክሩ ውስጥ ይግባ፦

እምቦጭን አበባ ሳይዝ ከነሰንኮፉ እንንቀል፤ ነቅለን ከውኃ እናርቅ።

ሁለተኛውን ሐረግ አይተዉት፤ ነቅሎ ዳር ላይ የተወውን ማዕበል መልሶ ይወስደዋል። ወደ ዞን በሚልኩት ሪፖርት ላይ ደግሞ የባልደረባዎን ቃል ይጠቀሙ፤ «ይህን ያህል ሄክታር እምቦጭ ተወገደ» ይበሉ፣ «ጠፋ» አይበሉ። የሚቀጥለው ክረምት ዝናብ ደለሉን ሲያነሣው አንባቢው አይደነግጥም፤ በጀቱም «ጠፍቷል ብላችሁ አልነበር?» ተብሎ አይቀነስም። ረቂቁን ለሕዝብ ከማውጣትዎ በፊት ለእኒያ አዛውንት ቢያነቡላቸው መልካም ነው። ከዚህ የተሻለ ቃል ካላቸው የእኔን ይሰርዙትና የእሳቸውን ይጻፉ።